ካላማዳሪያ የተሰፋበት ሄልሜት

ይድረስ ለሀሴት እናት፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቱ ይድረስሽ፤ የአሰላን ጉምም ትንሽ ጨምሬበታለሁ፣ ሙቀቱ ሲበረታብሽ ክፈቺው። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለፈው ስትደውዪ ድምፅሽ ጎርነን ብሎብኝ ነበር፤ ኤሲው ነው ብለሽ አለፍሽው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ እማማ ብርቄ ከሁሩታ መጥተው ሰነበቱ። ቤቱን ሲገላምጡ ቆዩና፣ ሰው ሚስቱ ስትሄድ መጥረጊያውም አብሮ ይሄዳል እንዴ ብለው፣ እሳቸው ተቀምጠው እኔን አስጠረጉኝ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ምላሳቸው ግን ሙሉ ጤነኛ ነው።

እንዳንቺ ዱባይ የምትሠራው የውብዳር ዕረፍቷን ጨርሳ ነገ ተመልሳ ስለምትሄድ፣ በእጇ እንድታደርስልኝ ብዬ ነው የጻፍኩት። በስልክ አንቺ ሰው ቤት ሆነሽ በሹክሹክታ ትሰሚያለሽ፣ እኔ ደግሞ ልጅሽ ጆሮዋን አቁማ አጠገቤ ትሆናለች። እንዲህ ያለ ነገር እንዲያ አይወራም። ወረቀቱ ላይ ጥቁር የጣት አሻራ ካየሽ አትደንግጪ፤ የጎሚስታ ደብዳቤ ነው።

በየውብዳር የላክሽው ዕቃ በደህና ደርሶልናል። በስልክ ደረሰ ብዬሽ ከዚያ ወዲያ ስለ እሱ ለምን ዝም እንዳልኩሽ አሁን ልንገርሽ።

የሀሴት አስተማሪ መክሊት ለወላጆች ቀን የሚቀርብ ድራማ ጽፋ ነበር። ከአርሲ ተነስተው ማርስ ስለሚሄዱ ገበሬዎች ነው፤ እዚያ ደርሰው ገብስ ይዘራሉ። የመንኮራኩሯ አዛዥ ልጅሽ ናት። ሌሎቹ ልጆች የካርቶን ቆብ ነው የሠሩት። ሀሴት ግን እናቴ እውነተኛውን ትልክልኛለች ብላ ትምህርት ቤቱን ሁሉ አዳርሳለች። አንቺም በስልክ ቃል ስትገቢላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የውብዳር ሣጥኑን ያመጣች ዕለት የልጅሽ እግር መሬት አልነካም። በላዩ ያለውን ሥዕል ታውቂዋለሽ፤ ነጭ የጠፈር ሰው ሄልሜት፣ ከፊቱ ወርቃማ መሸፈኛ የሚወርድለት፣ በጆሮ ግንዱ ላይ ትንንሽ መብራት የሚበራበት። ውስጡ ያለው ግን ገና ያልተገጣጠመ ነው። ፕላስቲኩ በቁርጥራጭ፣ ስፖንጁ ለብቻው፣ ብሎኖቹ በከረጢት። ሀሴት መጀመሪያ ራስ ላይ የሚያርፈውን ቀለበት አወጣችና አጠለቀችው። አልገባም። አናቷ ላይ እንደ እንስራ ማቶት ጉብ አለ። ከዚያ ሣጥኑን ገልብጣ አነበበች። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ላሉ ልጆች ይላል። ልጅሽ አሥራ አንድ ሊሞላት ነው።

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ቀለበቱን አውልቃ ከነበረበት አስቀመጠችና፣ ይሄ የኔ አይደለም፣ ለሌላ ልጅ ነው የገዛችው አለችኝ። በማግሥቱ አዛዥነቱ ለጓደኛዋ ለትንቢት እንዲሰጥ መክሊትን እንደለመነቻት ሰማሁ። የዚያን እሑድ ስትደውዪ ቤተ ክርስቲያን ናት ያልኩሽም ውሸት ነው፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። ስልኩን ሳቀብላት እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች።

ተናደድኩ፣ ልደብቅሽ አልፈልግም። መጀመሪያ በአንቺ ተናደድኩ። ቀጥሎ በራሴ፤ በተደዋወልን ቁጥር ስለ ጎማ ዋጋና ስለ ቤቱ ክዳን ሳወራሽ፣ ልጅቱ ትከሻዬ ላይ መድረሷን አንድ ቀን አልነገርኩሽም። ንዴቱ ሲበርድልኝ ግን ፈራሁ። ልጅ እናቴ ረሳችኝ ብላ አንዴ ከቆረጠች በምን ትመለሳለች? እዚህ ሆኜ አንቺን ላመጣላት አልችልም። ያለኝ ያ ሣጥን ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ሄልሜት የሀሴት ራስ ላይ ሳይገባ ዓርብ አይመሽም ብዬ ቆረጥኩ። እልኼን ታውቂዋለሽ፤ አንቺንም ያገባሁሽ በሱ ነው።

ትምህርት ቤት ሄጄ አዛዡን እስከ ዓርብ እንዳትቀይርብኝ መክሊትን ለመንኳት። ልጅቷ ራሷ እኮ አልፈልግም ብላለች አለችኝ። እሷ ባትፈልግ እኔ እፈልጋለሁ አልኳት። በምን ዘዴ እንደማሰፋው ስትጠይቀኝ፣ ቀኑን ሙሉ ከከባድ መኪና ጎማ ጋር ስታገል የምውል ሰው የልጅ ቆብ ያቅተኛል እንዴ ብዬ ኮራ ብዬ ወጣሁ። የግቢው በር ላይ ስደርስ ዘዴውን ጨርሶ እንደማላውቀው ትዝ አለኝ።

የጀመርኩት በማውቀው ነው። ቁርጥራጮቹን ሱቁ ውስጥ ዘርግቼ፣ መሐል ለመሐላቸው ክፍተት ትቼ፣ ከውስጥ ከአሮጌ ጎማ ባወጣሁት የካላማዳሪያ ላስቲክ ላያይዛቸው አሰብኩ። የመኪና ጎማ የሚይዝ ማስቲሽ ይህን መጫወቻ እንዴት አይዝም? እንደ ልማዴ ፕላስቲኩን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ፣ ማስቲሹን ደህና አድርጌ ቀባሁ፣ እፍ አልኩበት፣ ካላማዳሪያውን ለጥፌ በመዶሻ መታ መታ አደረግኩት። ጥቂት ቆይቼ ሳነሳው ፕላስቲኩ ለስልሶ ጣቴን ተከትሎ መጣ። ማስቲሹ በልቶታል። የኋላው ክፍል ጫፉ ተጠቅልሎ ቀረ።

ከጎኔ ጫማ የሚሰፋውን አብዲሳን ታስታውሺዋለሽ። አንገቱን አስግጎ አየና፣ አባ ሀሴት፣ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ሲባል ሰምቼ ነበር፣ ፕላስቲክ የሚነክስ ግን ዛሬ አየሁ አለኝ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ አንድ የአይሱዙ ሹፌር ጎማዬን ንፋልኝ እያለ ይጮሃል፣ እኔ የተጠቀለለውን ፕላስቲክ በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ። እንደዚያ ቀን ሆድ ብሶኝ አያውቅም።

ሀሴት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቁ ውስጥ ካለው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ነው የምታጠናው። እስከዚያ ቀን ወደ ሥራዬ ዞር ብላ አላየችም። ያን ጠማማ ጫፍ ስታይ ግን አላስቻላትም። ተነስታ የመመሪያውን ወረቀት ከሣጥኑ ጎትታ አወጣች፤ እኔ ሥዕሉን ብቻ አይቼ የተውኩትን ነው። እንግሊዝኛውን ቃል በቃል እያነበበች፣ አባዬ፣ ቲነር ያለው ማጣበቂያ አትጠቀሙ ይላል፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም አለችኝ። ይህ የማን አፍ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ እማማ ብርቄ ለካ ቤቱን ብቻ አስጠርገው አልሄዱም። ቁጣዋ ግን ደስ አለኝ። ጭራሽ ከሣጥኑ ጋር ኩርፊያ ላይ የነበረች ልጅ ቢያንስ ወረቀቱን በእጇ ይዛለች።

ካልተጣበቀ ይሰፋል ያለው አብዲሳ ነው። መጀመሪያ በመመሪያው መሠረት በብሎን ገጣጠምነው፤ ሀሴት ታነባለች፣ እኔ አጠብቃለሁ። የመብራቶቹን ሽቦ ራሷ አገናኘች፤ ሲበሩ ፈገግ ልትል ስትል ቶሎ አጠፋቻቸው። ቀጥሎ ከነቀለበቱ ከማጅራቱ እስከ አናቱ በብረት መጋዝ ሰነጠቅኩት። አንቺ ላብሽን አፍስሰሽ የገዛሽውን፣ ያን የመሰለ ንጹሕ ነጭ ነገር በመጋዝ ስገዘግዝ ይቅር በይኝ እያልኩ ነበር። ደግነቱ ማስቲሹ የበላውን ጫፍ መጋዙ አብሮ ወሰደልን። ምስማር አግለን ግራና ቀኙን በሳነው። አንዱ ጋ ቸኮልኩና ተሰነጠቀ፤ አብዲሳ ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ በል እያለ ምስማሩን ከእጄ ቀማኝ። ክሩን ሰም ቀብቶ፣ በወስፌ እያሳለፈ፣ በስንጥቁ መሐል የካላማዳሪያ ጥብጣብ ሰፋበት። መጀመሪያ ያስገባነው ከአይሱዙ የወጣ ነበር፤ ወፍራም ሆኖ አልታዘዝ አለን። ፈትተን በባጃጅ ቀየርነው። አሁን ሲስቡት ይለጠጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል።

ስፖንጁን የገጠምኩት ብቻዬን ነው። ጀርባው ላይ የሚላጥ ወረቀት አለው፣ ከሥሩ ሙጫ ነው። የአንደኛው ወረቀት ግን ከዚህ በፊት ተልጦ ተመልሶ የተለጠፈ ነበር። ሙጫው ላይ አንዲት ጸጉር ተጣብቃ አገኘሁ። ቀጥ ያለች፣ ቀጭን፣ ቡናማ። በእኛም በእናንተም ዘር እንዲህ ያለ ጸጉር የለም። ትንሽ ጊዜ ይዣት ቆየሁ። ከዚያ ወደ በሩ ወጥቼ እፍ አልኳት፤ በነበረው ንፋስ እስካሁን ኢተያ ሳትደርስ አትቀርም። ሀሴት አላየችም፣ እኔም አልነገርኳትም።

የማዳምሽ ትንሹ ልጅ ደህና ነው? አሁን ስድስት ዓመት ይሆነዋል መሰለኝ። አንቺ ስትቀጠሪ ገና ዳዴ ይል ነበር፤ ካላጎረስኩት አይበላም ብለሽኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ይህን የምጠይቅሽ ተቀይሜ አይደለም፣ እንዲህ ብለሽ እንዳትጨነቂ። እጅ የሚለካው አጠገቡ ያገኘውን ራስ ነው። ጥርሱ ተነቀለ ወይ? ስትደውዪ ንገሪኝ።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አብዲሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጠበቃት። ቦርሳዋን ሳታወርድ ዞረችው። ጥቁሩን ጥብጣብ በጣቷ ዳበሰች። አስቀያሚ ነው ትለኛለች ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። በሁለት እጇ ሳብ አድርጋ አጠለቀችው። ገባ። ግንባሯን አለፈ፣ ጆሮዋን አለፈ፣ አገጯ ድረስ ወረደ። ቆማ ቀረች። ትንፋሿ መሸፈኛውን ጉም ሲያለብሰው ዓይኗን ማየት አቃተኝ። በኋላ ከውስጥ፣ ጎማ ጎማ ይሸታል አለች። ላውልቅልሽ ብዬ ስጠጋ በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። አብዲሳ፣ ማርስ ላይ ጎማሽ ቢተነፍስ ከአናትሽ ቆርጠሽ ትለጥፊያለሽ አላት። ሳቀች። እዚያ ውስጥ ሆና ስትስቅ ድምጿ ያንቺ ነው። ሁለታችንም ለጊዜው ሥራ ያለብን መስለን ዞር ዞር አልን።

ቅዳሜ ድራማው ቀረበ። አዛዡ ልጅሽ ነበረች። ማርስ ላይ ገብሱ ሲበቅል አንድ አባት ከኋላ፣ ማዳበሪያውን ከየት አገኙት ብሎ አዳራሹን አሳቀው። ከጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ፣ ያቺ ባለ መብራቷ የማን ልጅ ናት ብለው ጠየቁኝ። የኔ ናት አልኳቸው፣ ከፊታችን የተቀመጡትም እንዲሰሙ ጮክ ብዬ። ሲያበቃ ልጆቹ ሄልሜቱን ሊነኩ ከበቧት፤ ትንቢት ከየት ተገዛልሽ ብላ ጠየቀቻት። እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። ሀሴት ሄልሜቱን አውልቃ በክንዷ አቀፈችው። እናቴ ናት የላከችልኝ፣ አባዬ ነው በልኬ ያደረገው አለቻት። አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩበትም፤ ቃሏ ይኸው ነው።

ቅድም ይህን ደብዳቤ ስጀምር ለማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ሄዳ መቀስ አመጣች። የጸጉሯን ሰማያዊ ሪባን ፈታችና በግንባሯ ዙሪያ አዞረችው፤ ጫፉ ከተገናኘበት ላይ ቆርጣ ሰጠችኝ። ከደብዳቤው ጋር ላከው፣ ሌላ ጊዜ እንዳትሳሳት አለችኝ። ከዚህ ወረቀት ውስጥ አጥፌ አስቀምጬልሻለሁ። ለመለካት ሜትር አትፈልጊ። በራስሽ ላይ አዙሪው፣ ካንቺ የምታንሰው አንድ ጣት ያህል ነው።

ልኩ ግን የዘንድሮ ነው።

እመብርሃን ደጅ ስትወጪ ትቅደምሽ፣ ስትተኚ ትጠብቅሽ። የምታሳድጊውንም ልጅ በጤና ታሳድገው፤ እናቱ ትጥገበው። አንቺንም ከደጃችን በሰላም ታድርስልን።

የሀሴት አባት