የበርበሬ ቤቱ ኮርኒስ

ይድረስ ለወንድሜ ለሙባሪክ፣
ጅማ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ናጃህስ እንዴት ናት? ወገቧን ያማታል ብለህ ነበር፣ ተሻላት ወይ? ልጆቹስ፣ ሥራውስ እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችን ዓይኗን ከታከመች ወዲህ ሰው ከሩቅ መለየት ጀምራለች። ደብዳቤህን ባነበብኩላት ቁጥር አጠገቧ ያለህ ይመስል «እሺ ልጄ» ትላለች።

ይህን የምጽፍልህ ስለ ተከራዮቻችን ነው። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል።

መምህር ግሩምና ባለቤቱ ማዕዶት ከገቡ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ቤቱን ታውቀዋለህ፤ አባታችን አላህ ይዘንለትና በርበሬ ሊያስቀምጥበት ነው የሠራው። ነፋስ እንዲገባ ብሎ ከጣሪያው ሥር ዙሪያውን ክፍት ትቶታል። ኮርኒስ የለውም። በዘቢዳር ተራራ በኩል ያለው ግድግዳ ምርጊቱ ረግፎ እንጨቱ ይታያል። ማዕዶት ነሐሴ ላይ ከአራስነት እንደተነሣች መጥታ ክፍቱ እንዲደፈን ጠየቀችኝ። ጥቅምት ላይም ደገመችኝ። ሁለቱንም ጊዜ በስልክ ስነግርህ «ከመንዝ ለመጣ ሰው የቡታጅራ ብርድ ምኑ ነው? ካልተመቻቸው ቤት ሞልቷል» አልከኝ። እኔም ቃልህን አለሳልሼ «ወንድሜ ሲመጣ ይሠራል» አልኳት። እሷ ክፍቱን በማዳበሪያ ከረጢት ወተፈችው፤ ነፋሱ እየነቀለ ይጥለዋል። ሲበረታ ደግሞ በማገሩ ውስጥ የቀረው የበርበሬ ብናኝ ይረግፋል፤ ሲያስነጥሱ ከመንገድ ይሰማል።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ሕፃኗ ታመመች። አምስት ወሯ ነው። መምህሩ ለስልጠና ወልቂጤ ሄዶ ስለነበር ማዕዶት ጠዋት ልጅቷን ታቅፋ ወደ እኔ መጣች። ልጅቷ በተነፈሰች ቁጥር ጎኗ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። በጋሪ ሐኪም ቤት ወሰድናት። የሳንባ ምች ነው ተባለና አስተኟት። ነርሷ ካርዱ ላይ እየጻፈች «የምትተኛበት ቤት ብርድ አለው?» ብላ ጠየቀች። ማዕዶት ወደ እኔ አየች። ነርሷም ዘመድ መስያት መልሱን ከእኔ ጠበቀች። «አዎ፣ አለው» አልኳት። «ባለቤቱ አይደፍነውም እንዴ?» አለች። 

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ጡት መጥባት አቆመች። መምህሩ ቶሎ እንዲመጣ ተላከበት። እኔ ቁልፉን ተቀብዬ የልጅቷን ልብስ ላመጣ ቤቱ ገባሁና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ቀትር ነው፤ ውጭ ፀሐይ ነበር። እዚያ ውስጥ ግን ነፋሱ ሻርፔን ከትከሻዬ ያነሣው ነበር። በየወሩ በር ላይ ቆሜ ኪራይ ተቀብዬ እመለሳለሁ እንጂ አንድም ቀን ገብቼ ተቀምጬ አላውቅም። ልብሱን አድርሼ በቀጥታ የምርጊት ሥራ ወደሚሠራው ወደ ሸምሶ ሄድኩ።

አሁን የምነግርህን ተረጋግተህ አንብብ። ለምትከፍተው ሱቅ ብለህ እናታችን ጓዳ ያስቀመጥከውን ችፑድና ሲሚንቶ አወጣሁት። ከሲሚንቶው ሁለቱ ከረጢት ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ችፑዱ ደህና ነበር፤ ሁሉም ኮርኒስ ሆነ። እናታችንን አስፈቅጄ ነው ብልህ ውሸት ነው። ሸምሶ ሲጭነው አይታ «የሙባሪክ አይደለም?» አለችኝ። «ነው» አልኳት። «ያቺ ልጅ ተሻላት?» አለች። 

በአራተኛው ቀን ትኩሳቷ ወረደ፤ በስድስተኛው ወጡ። ክፍቱ ተደፍኖ፣ ግድግዳው ሁለት ጊዜ ተመርጎ እስኪደርቅ እኛ ቤት ተቀመጡ። ከዚያ ግቡ ስላቸው ማዕዶት አልገባም አለች። «ቤቱስ ጥሩ ሆኗል። ግን ሁለት ጊዜ ይሠራል ብለሽኝ ነበር፤ የሠራሽው ልጄ ከታመመች በኋላ ነው። ነገ ጣሪያው ቢያፈስ ማን እስኪታመም ልጠብቅ?» አለችኝ። መምህሩ አፍሮ «ተይ እንጂ» አላት። እኔ ግን እውነቷን ነው አልኩት። እዚያው ተቀምጦ ውል ጻፈ። «ጣሪያው፣ ግድግዳውና በሩ ሲበላሽ የሚያሠሩት ባለቤቶቹ ሙባሪክና ሳፊያ ናቸው» ይላል። እኔ ፈረምኩ። ቅዳሜ ዕለት ገቡ። ልጅቷ አሁን ጡቷን በደንብ ትጠባለች፤ ሳሏ ግን ጨርሶ አልተዋትም።

ያላንተ ፈቃድ ዕቃህን ስለነካሁ ይቅር በለኝ፤ እተካልሃለሁ። ኮርኒሱ ስለመሠራቱ ግን ይቅርታ አልጠይቅህም። ያኔ በስልክ ያልከኝን ለማዕዶት አልነገርኳትም፤ ወደፊትም አልነግራትም።

ናጃህን ሰላም በልልኝ፣ ወገቧን በቅቤ ትታሽ። ሙሀይሚን ትምህርቱን እንዲበረታ ንገረው። ትንሿን ፈቲሀን ሳምልኝ። እናታችን ዱዓዋን ልካልሃለች፣ ለዒድ ና ትልሃለች። መምህሩም ሰላም ብሎሃል። ማዕዶት ሰላም በይልኝ አላለችኝም።

ውሉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌ ልኬዋለሁ። ከእኔ ስም በታች ያንተ ቦታ ገና ባዶ ነው። ፈርመህ ደብዳቤውን ባመጣልህ ሰው እጅ መልስልኝ።

እህትህ ሳፊያ
ቡታጅራ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1997 ዓ.ም.