መሬቱ ጦም ይደር

ልጄ ለተሥላሴ፣ በሄድሽበት ሁሉ መወደድ ይስጥሽ፤ ሥላሴ ከክፉ ዓይን ይጋርዱሽ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል። እዚህ ሱዳን፣ ኸሽም ኤል ቂርባ ግን ሙቀቱ ከፍቷል።

የምንሠራበት የሐጂ ኢድሪስ ማሳ አስቸግሮናል። በክረምት ሩዝ፣ በበጋ ስንዴ፣ አጭደን ሳናበቃ ደግሞ ሩዝ። ለሩዙ ውሃ ተኝቶበት የከረመው አፈር ሲደርቅ ጡብ ይሆናል። ዘንድሮ ስንዴው ቢጫ ሆኖ ቀረ፤ የቦዩም ውሃ እየሳሳ ነው። እሳቸው ግን ማዳበሪያ ጨምሩ ይላሉ።

እኔም ፎገራ ሩዝ ማሳ ውስጥ ያደግሁ ነኝና ዝም ማለት አላስቻለኝም። ይህን ክረምት መሬቱ ጦም ይደር ልላቸው ፈልጌ፣ «ቡር» የምትለዋ ዐረብኛ ጠፋችብኝና «መሬቱ ሳይም ይሁን»፣ ጿሚ ይሁን አልኳቸው። ሐጂ ከት ብለው ሳቁ።

«መሬትም ረመዳን አለው እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጓሉን በጣታቸው ሊፈረፍሩት ቢሞክሩ እንቢ አላቸው።

«ወላሂ፣ ሳይበላ የሚያበላን እሱ ብቻ ነው፤ ይጹም» አሉና ግማሹን ተዉት። የእኛ ሥራ ቢቀንስም ደስ አለኝ።

ቀን ሰው ቤት፣ ማታ ሆቴል እንደምትሠሪ ጓደኛሽ ብርቱካን ነገረችኝ። ልጄ፣ የምትልኪልን ቢጎድል ይጉደል፤ በሳምንት አንዲት ቀን አርፈሽ ዋዪልኝ። ጦም እደሪ ማለቴ አይደለም፣ እሱ ለመሬት ነው። አንቺ በልተሽ ተኚ።

ሥላሴ ዕድሜሽን ያርዝሙልኝ።

እናትሽ እንጉዳይ