ሪድዋን ፕሪንተር ሲመርጥ

ቅዳሜ፣ ጥር 2

ሪድዋን ዛሬ ኦፍ ነበር። ልብስ አጥበን፣ ሩዝ በልተን ሶፋው ላይ ተጋደምን። ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን ስለሚውል ወገቡን ያመዋል። ትራስ ሰጠሁት።

ቶሮንቶ ከመጣሁ አራት ወር ሆነኝ። ባሌን እስካሁን ምንም ጠይቄው አላውቅም። ዛሬ ጠየቅሁት። የሠርጋችንን ፎቶዎች መኝታ ቤት መስቀል እፈልጋለሁ አልኩት።

ሪድዋን ወደዚህ ሊያመጣኝ ለሞላው ስፖንሰርሺፕ ስልሳ ፎቶ ልከናል። ኢሚግሬሽን ጋ ስልሳ የኛ ፎቶ አለ፤ እኛ ቤት አንድም የለም... እኔ የምፈልጋቸው ግን እነዚያን አይደለም። ሴቶቹ ብቻ ባሉበት የተነሣናቸውን ነው። ጸጉሬ ተሠርቶ፣ ሂጃብ የለኝም፣ ሪድዋን ሊወስደኝ ሲገባ። ሱቅ ወስዶ ማሳተም አይሆንማ። ማን እንደሚያያቸው ምን አውቃለሁ?

"ቤታችን እናትማለን። ፕሪንተር እንገዛለን" አለ። ወዲያው። ደስ አለኝ። ነገ የሚመጣ መስሎኝ ቦታ ሁሉ አዘጋጀሁለት።

ረቡዕ፣ ጥር 6

አልመጣም። ሪድዋን ሪቪው እያየ ነው። እራት እየበላ ያያል። ጥርሱን እየቦረሸ ያያል።

ራሱ ርካሽ የሆነው ቀለሙ ውድ ነው አለኝ። ቀለሙ ርካሽ የሆነው ራሱ ውድ ነው። ሁለቱም ርካሽ የሆነው ደግሞ ሰው ያገረጣል። ኮፒና ስካንም ማድረግ አለበት፣ ለወረቀት ጉዳያችን። እሺ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

እሑድ፣ ጥር 10

ታች ፎቅ እትዬ ኩልሱም ጋ ወረድኩ። ፕሪንተራቸውን አሳዩኝ። ላዩ ላይ ዳቦ ተቀምጦበታል። በርካሽ ገዝተውት፣ ጥቂት ወር ሳይነኩት ቀለሙ ደረቀና ቀረ።

"በየሳምንቱ አንድ ነገር አትሚበት ልጄ፤ አለዚያ ያኮርፋል" አሉኝ።

ለሪድዋን ነገርኩት። ምን አስነገረኝ? ስለ ቀለም መድረቅ አዲስ ቪዲዮ ከፈተ።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ሱቅ ሄደ። ሦስት ሰዓት ቆየ። የፎቶ ወረቀት ገዝቶ መጣ። ፕሪንተር የለም፣ ወረቀት አለ።

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ለምን ይሆን...

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ረስቶ ሥራ ገባ። ማንበብ አልነበረብኝም... አነበብኩት።

አሥራ አንድ ፕሪንተር፣ በሠንጠረዥ። ዋጋ። የቀለም ወጪ። ስካን። የፎቶ ጥራት። ድምፅ። ሁሉም ተሞልቷል። የመጨረሻው ዓምድ አናት ላይ "ኢብቲ ትወደው ይሆን?" ይላል፤ እኔን ነው። ከሥሩ አሥራ አንድ የጥያቄ ምልክት።

ቁጭ ብዬ አየሁት። ይሄን ያህል ምን አስፈራው?

ሲመጣ፣ ለምን እኔኑ አትጠይቀኝም ነበር አልኩት። የጫማውን ክር ፈታ። ከዚያ፦

"ሥራሽን ትተሽ፣ ቤተሰብሽን ትተሽ እኔን ብለሽ መጣሽ። መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ነገር ደግሞ አበላሽቼ..."

አልጨረሰውም። ሻይ ጠጣን።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ብቻዬን ከሰፈራችን ከዌስተን ወጥቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ ደብተሩን ቦርሳዬ ከትቼ ወጣሁ። እንግሊዝኛዬን አውቶቡስ ውስጥ በሆዴ ተለማመድኩ።

ሻጯ ልጅ በየፕሪንተሩ የታተመ ናሙና አሳየችኝ። አበባ፣ ፊኛ፣ ቀላ ያለ ሕፃን። ሁሉም ያምራል። እኔ ግን ያንን ሕፃን አልመስልም። ከስልኬ ማተም ይቻላል ወይ አልኳት። ይቻላል። የሠርጌ ዕለት ሂና የተቀባ እጄን ፎቶ ሰጠኋት፤ እጅ ቢታይ ምን አለበት?

አንደኛው እጄን አመድ አስመሰለው። ሁለተኛው አረንጓዴ አደረገው፣ የሞተ ሰው እጅ። ሦስተኛው፣ በቅናሽ የነበረው፣ ቀለሙ ከጠርሙስ የሚሞላው... እጄ እጄን መሰለ። ሂናው ሳይቀር።

"ይሄንን" አልኩ። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፍቶኝ ይቺን ብቻ አልኩ። በቃች።

ካርቶኑ ከኔ ይበልጣል። በረዶ እየጣለ፣ አውቶቡስ ውስጥ አቅፌው ቆምኩ። አንድ ሽማግሌ ተነሡልኝ። እሳቸው ቆመው ፕሪንተሩ ተቀመጠ።

ሐሙስ፣ ጥር 21

የመጀመሪያው ፎቶ መስመር በመስመር ሆኖ ወጣ። ሪድዋን መመሪያውን ከገጽ አንድ ማንበብ ጀመረ። እኔ "ክሊን" የሚለውን የማጽጃ ቁልፍ ተጫንኩ። ፕሪንተሩ አጉረመረመ፣ አጉረመረመ... ሁለተኛው ጠርቶ ወጣ።

ፎቶው ላይ ሪድዋን በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል። እኔ እሱን እያየሁ እስቃለሁ። እሱ ለካ እስከ ዛሬ፣ ሴቶቹ ቀልደው ነው የሳቀችው ብሎ ነው የሚያስበው። ስልክ ላይ እኮ ፊቴ ምስር አያክልም፤ እሱን እያየሁ እንደምስቅ እንዴት ይየው?

ያን ጊዜ ነገርኩት። ሦስት ወንዶች ሽማግሌ ልከውብኝ ነበር፤ አንዱ እሱ ነው። አባቴ ምረጪ አለኝ። አንድ ሳምንት አሰብኩበት።

"የመረጥከው አንተ ብቻ መሰለህ እንዴ?" አልኩት።

ፎቶውን አነሣው። ቀለሙ እንዳይነካ ጠርዙን ብቻ ይዞ። ከዚያ የቀሩት ሁለቱ እነማን እንደሆኑ ጠየቀኝ።

አልነገርኩትም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ሮመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ቀረው። መኝታ ቤት ሰባት ፎቶ ሰቅለናል። እንግዳ ሲመጣ በሩ ይዘጋል።

ሪድዋን ከሥራ ሲመለስ ለሳሎን መጋረጃ ገዝቶ መጣ። አላማከረኝም፣ ምንም አላጠናም። መንገድ ላይ አየሁትና ገባሁ አለ። ብርቱካናማ ነው። ትልልቅ ዝሆኖች አሉበት።

"እንዴት ነው?"

"አስቀያሚ ነው" አልኩት።

"እኔ ግን ወደድኩት" ብሎ ሊሰቅለው ወንበር ላይ ወጣ።

ወንበሩን ያዝኩለት።