አዋሽ የሚያድርበት

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ፍቅረ ሥላሴ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ።

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ያ ደረቅ ሳል ለቀቀዎት ወይ? እማዬስ ወገቧን ተሻላት? ዶሮዎቿ አሁንም ጓዳ እየገቡ ያበሳጩዎታል? የግቢው ኒም ጥላው ደጃፉ ድረስ ደረሰ ወይስ እማዬ ቅርንጫፉን አስቆረጠችው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የሰመራም ሙቀት ኅዳር ሲገባ ትንሽ አዝኖልናል። ነፋሱ ግን እንደ ልማዱ ነው፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ወረቀቱን በሻይ ብርጭቆ አስይዤ ነው።

ራሄል እህቴ፣ አንቺስ ደህና ነሽ? ይህን ለአባባ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና አደራ፣ እንደ ተማሪነትሽ ጊዜ መስመር እየዘለልሽ እንዳታነቢ። የሚቆጡባቸው ቦታዎች አሉ። እነሱንም ድምፅሽን ሳትቀንሺ አንብቢላቸው።

አባባ፣ በሰኔ ሐኪሙ ያለውን ራሄል ነግራኛለች። አይቆጧት፤ አስጨንቄ ያናገርኳት እኔ ነኝ። የግራው ዓይን እንደሄደ፣ የቀኙም ዓመት እንደማይቆይ ሰማሁ። ከሰማሁ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ መዝገብ ላይ ያፈጠጥኩት ምንም ሳላነብ ነው። በሦስተኛው ቀን ደውዬ፣ ዓይንዎ ሳለ ይምጡና አዋሽ የሚያድርበትን ላሳይዎ ብልዎ፣ በሰው ቤት ግድግዳ እየዳበስኩ አላድርም ብለው ዘጉብኝ። ስልክ እንደሆነ አንጀት አያርስም፤ እርስዎም ስልክ ሲይዙ ከሩቅ ባቡር የሚጠሩ ነው የሚመስሉት። ስለዚህ ደብዳቤ ይሻላል ብዬ ብዕር አነሣሁ።

ያን ጊዜ ያስታውሱታል? እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እጄን ይዘው ገደሉ አፍ ድረስ ይወስዱኝ ነበር። ከታች ውኃው ጭቃ ለብሶ ሲያጓራ፣ ከኮትዎ ኪስ የአናጢ ቤቱን ስንጥር እንጨት አውጥተው ይወረውሩና፣ ሂድ፣ የት እንደምታድር ላክብን ይሉት ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የምድር ባቡርን ፉርጎ ሲጠግኑ ባቡሩ የት እንደሚያድር ያውቁ ነበር። ወንዙ የት እንደሚያድር ግን አላወቁም፤ የሚነግርዎም አልነበረም። እኔ ያን ስንጥር በልጅነቴ በሕልሜ አየው ነበር፤ ብቻውን በረሃውን ሁሉ ሲያቋርጥ፣ ግመሎች ቀና ብለው ሲያዩት። አሁንም አየዋለሁ። አንዳንዴም በጠራራ ፀሐይ፣ ዓይኔን ገልጬ፣ አለቃዬ እያናገረኝ።

እንግዲህ ግድግዳ የማይዳብሱበት ቤት ልሠራልዎ ተነሣሁ። መኪና የሚጎትታት፣ አንድ ሰው ዘርጋ ብሎ የሚተኛባት፣ የመሸበት ቦታ ቆማ የምታሳድር ትንሽ ተሳቢ። የሎጊያ ሾፌሮች የሚጎትቱትን ዓይነት እንዳይመስልዎ። የእኔን ላዳ ያውቋታል፤ ዳገት ገና ከሩቅ ስታይ ነው ላብ የሚያጠምቃት። ከባድ ነገር ካሰርኩባት ሚሌ ሳንደርስ ነፍሷ ትወጣለች። ስለዚህ የምሠራት ቤት ከሁሉ በፊት ቀላል መሆን ነበረባት።

የመጀመሪያውን ጥፋቴን ልናዘዝ። እዚሁ አጠገባችን ሎጊያ ከተማ ካሕሳይ የሚባል በያጅ አለ፤ እጁ ወርቅ፣ ምላሱ እሬት ነው። ከአንዲት ከተገለበጠች ፒክአፕ የጎማ ዘንግ አገኘልኝና በጎማና በጎማ መካከል ስንት ላድርገው ሲለኝ፣ እርስዎ የሰጡኝን የእንጨት ሜትር አውጥቼ በኩራት በዚህ ልክ አልኩት። ዓለም ሁሉ የሚሄደው በዚህች አንድ ሜትር ላይ ነው ይሉኝ አልነበር? ያን የሚያህል ፉርጎ ስፋቱ አንድ ሜትር በሆነ ሐዲድ ላይ ቆሞ ጅቡቲ ከደረሰ፣ የእኔ ትንሽ ቤት ምን ትሆናለች ብዬ ነው። ካሕሳይ ጠባብ ነው ብሎ ሦስት ጊዜ ተከራከረኝ። እኔም አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነው ብዬ አፉን አስያዝኩት።

ከላይ በችፑድ ግድግዳ አቆምኩ፣ ላሜራ አለበስኩት፣ ነጭ ቀለም ቀባሁት። ነሐሴ በገባ በሳምንቱ ከቀትር በኋላ ያ አቧራ የሚነዳ ነፋስ መጣ። በቢሮው መስኮት እያየሁ ቤቴ እንደ ሰካራም ወዲህ ወዲያ አለችና በጎኗ ተኛች። ፉርጎን የሚያቆመው ሐዲዱ ብቻ ሳይሆን ክብደቱም መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ። ካሕሳይ መጥቶ ሁለት ጊዜ ከዞራት በኋላ፣ እንግዲህ ሐዲድ አስዘርጋላት አለኝ። እማዬም ወሬውን ሰምታ በስልክ፣ ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ብላ ተረተችብኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን አለቀስኩ፣ አባባ። የሐኪሙን ዓመት እየቆጠርኩ ነበርና።

ያነሡኝ የጣሃ እናት ናቸው። ጣሃ ቢሮ አብሮኝ የሚሠራ አፋር ነው። እናቱ ሊጠይቁት ከገጠር መጥተው የወደቀውን ቤት አዩና በአፋርኛ አንድ ነገር ብለው አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሳቁ። ጣሃ ሲተረጉምልኝ፣ በእኛ ዘንድ ቤት የምትሠራው ሴት ናት፤ ይህን የሠራው ወንድ እንደሆነ ያስታውቃል ማለታቸው ነው። ቀጥለውም፣ ዙሪያውን ግድግዳ አቁመህ ነፋሱ በየት ይሂድ ብለው ጠየቁኝ።

እውነታቸውን ነው። የእነሱ ቤት በግመል ጀርባ ተጭኖ የሚሄድ ቤት ነው፤ ሴቶቹ ጠዋት ይነቅሉታል፣ ከሰዓት ሌላ ቦታ ይተክሉታል። እርሳቸውና ሁለት ሴት ልጆቻቸው የእኔን ችፑድና ላሜራ አስነቅለው፣ ቀጫጭን እንጨት ውኃ አጠጥተው አጎበጡ፣ ጫፍና ጫፉን አሰሩ፣ ሰሌን አለበሱት። እኔ ገመድ አቀባይ ሆኜ ዋልኩ፤ እሱንም አላወቅህበትም እየተባልኩ። ለጤዛ የሚሆን አሮጌ ሸራ ከሾፌሮች አገኘሁ። ካሕሳይም ዘንጉን ቆርጦ አስረዘመልኝ፤ ሜትሩን አልናቅሁም፣ ግማሽ ጨመርኩበት እንጂ አለኝ። አሁን ከመኪናው የሚያያዘውን ጫፏን በአንድ እጄ አነሣታለሁ። ነፋስ ሲመጣ ትተነፍሳለች እንጂ አትወድቅም። ቀን ከውስጥ ተጋድሜ ወደ ላይ ሳይ ብርሃኑ በሰሌኑ ቀዳዳ እየተንጠባጠበ ይገባል፤ ቆማ ሳለች እንኳ የምትሄድ ይመስለኛል።

ባለፈው ሳምንት ልሞክራት ብዬ ወደ አሳይታ ይዤያት ወጣሁ። የከባድ መኪና ሾፌሮች እጃቸውን በመስኮት እያወጡ ሳቁብኝ፤ አንዱማ ሙሽራዋን የት ጥለሃት ነው ብሎ ጮኸ። አሳይታ ደርሼ ወንዙን ሳየው ልቤ ደነገጠ። ያ በገደላችን ሥር የሚያጓራው አዋሽ እዚህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንቅልፍ እንደመጣበት ሰው ነው የሚሄደው። ከዚያ ወረድ ብሎ ሐይቅ ከሐይቅ እያለፈ፣ አቤ ከሚባለው ሐይቅ ገብቶ ይቀራል አሉኝ። ባሕር አይደርስም። ዓባይ ማደሪያ ባይኖረው አዋሽ ግን አለው፤ ራሄል፣ ይህን ለእማዬ ድገሚላት።

መኪና የሚሄደው ከአሳይታ ወዲያ እስካለችው እስከ አፋምቦ ነው። ከዚያ ወዲያ የጣሃ አጎት በግመል ሊወስደን ቃል ገብቷል፤ በስተርጅና ግመል ላይ ሲወጡ ለማየት ካሁኑ እስቃለሁ። ያን ዕለት ጉዞዬን ብቀጥል መጨረሻውን አየው ነበር። አልቀጠልኩም። ላዳዋን አዙሬ ተመለስኩ። ያን ሁሉ ዓመት የጠየቁት እርስዎ ሆነው መልሱን እኔ ቀድሜ ማየት ሌብነት መሰለኝ።

ሌብነት ካነሣሁ አይቀር፣ ያ ከፉርጎ መስኮት ያወጡት የነሐስ መቀርቀሪያ እኔ ጋ ነው። ለቆራሌው ሸጠሽዋል ብለው እማዬን ሁለት ሳምንት ያኮረፉባት በከንቱ ነው፤ በመስቀል የመጣሁ ጊዜ ወሰድኩት። ለተሳቢዋ በር ነው ያሰብኩት። በሩ ግን ገና አልተገጠመም። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስት ጊዜ ተጣመመብኝ። የጣሃ እናት ሰሌን አንጠልጥልበትና ተወው ብለዋል። እኔ ግን ክፍቱን ትቼዋለሁ፤ በር መግጠም የእርስዎ እጅ ሥራ ነው። ሲመጡ መላጊያዎን አይርሱ።

ፈቃድ የወሰድኩት ከገና ቀጥሎ ላለው ሳምንት ነው። አዋሽ ድረስ መጥቼ እወስድዎታለሁ። እርስዎ ላዳዋ ውስጥ ከጎኔ ይቀመጣሉ፤ ተሳቢዋ ለማደሪያ ብቻ ናት። ገዋኔ ላይ አንድ ቀን፣ ሚሌ ላይ አንድ ቀን እያደርን በወንዙ ፍጥነት እንወርዳለን። የቀኙ ዓይን ከዚያ በፊት ቢሄድስ እያልኩ እፈራለሁ፣ አልዋሽዎትም። ቢሄድም እንሄዳለን። ውኃው ሲደርስ ምን እንደሚል የሚሰማ ጆሮ አለዎት፤ የቀረውን እኔ እያየሁ እነግርዎታለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ ተረቷ ይቅር እንዳልተባለላትም ንገሯት። ትንሿን ሀይማኖትን፣ የራሄልን ልጅ፣ ሁለቱንም ጉንጯን ሳሙልኝ። ጎረቤታችንን እትዬ አለሚቱን እንዴት ነሽ ብሎሻል በሏት። ዶሮዎቹንም ቢሆን አልረሳሁም።

አሁን ራሄል፣ ፖስታው ውስጥ የተጠቀለለ ገመድ አለ። አውጥተሽ አባባ እጅ ላይ አድርጊው። አባባ፣ በመስቀል እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ መኝታ ቤትዎን የለካሁበት ነው። ጫፉን ትራስዎ ላይ ይያዙት። የመጀመሪያው ቋጠሮ የውኃ ኩባያዎ ያለበት መደርደሪያ ነው። ሁለተኛው የአልጋዎ ግርጌ። ሦስተኛው በሩ። የተሳቢዋን ውስጥ የሠራሁት በሜትሩ ሳይሆን በዚህ ገመድ ነው፤ እጅዎን የዘረጉበት ሁሉ የሚያውቁትን ያገኛሉ። የሰው ቤት አይደለም። ደብዳቤውን ራሄል አነበበችልዎ፤ ገመዱን እርስዎ ያንብቡት። የሚመጡ ከሆነም ሌላ መልስ አያስፈልገኝም፤ አራተኛ ቋጠሮ ቋጥረው ገመዱን ይላኩልኝ።

ልጅዎ በላይ ፍቅረ ሥላሴ
ሰመራ፣ ኅዳር 14 ቀን 2005 ዓ.ም.