በአራት መቶ ሃምሳ ብር የመጣች ዶሮ

ይድረስ ለወንድሜ ለገዛኸኝ በየነ፣ አሶሳ።

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? የአሶሳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? የባለቤትህ የየሺሃረግ ወገብ ተሻለው? ልጅህ ፍቅረየሱስስ የወለቀውን ጥርሱን ተካ? እኛ ለሥጋችን ደህና ነን፤ የሮቤም ብርድ እንደምታውቀው ነው። የአሁኑ ደብዳቤዬ ግን ይመርራል፣ ቻለው።

ባንክ ቤትህ ቁጭ ብለህ "ልጅ ከትንሽነቱ የብርን ዋጋ ይወቅ" ያልከኝን ታስታውሳለህ? እኔ ሞኟ ሰማሁህ። ልጄ ሀይሚ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት የገበያውን ዘንቢል አስያዝኳት። የተጠራውን ዋጋ እንዳትከፍል፣ ሦስት ቦታ እንድትጠይቅ፣ የወደደችውን ዕቃ ንቃ እንድታልፍ አስተማርኳት። የራሴንም ዘዴ ጨመርኩላት። ከገጠር ሴት ጠዋት አትግዢ፤ የዲንሾ ሚኒባስ ረዳት የመጨረሻውን ሰው እስኪጠራ ጠብቂ፣ ያኔ የሰጠሻትን ትቀበላለች አልኳት። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው!

ባለፈው የገበያ ቀን ሀይሚ ዘጠኝ መቶ የተባለች ዶሮ በአራት መቶ ሃምሳ ይዛ እየዘለለች ገባች። ሻጯ አሮጊት እስከ ሰባት መቶ ወርዳ ብትለምናትም ፍንክች አላለችም፤ ረዳቱ ሲጮህ ሰጠቻት። እኔም የእኔ ጎበዝ ብዬ ግንባሯን ሳምኳት። ዶሮዋ ታርዳ እየበላን ሳለ ነው ሴትዮዋ በግራ እጇ ሁለት ጣት እንደሌላት ሀይሚ ያጫወተችኝ። የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት።

አዴ ዳቢሴ ናቸው፣ ገዛኸኝ! እናታችን ስትሞት ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ገበታ አብልተው ያሳደጉን የዲንሾዋ ጎረቤታችን። ጣቶቻቸውንም ያጡት የእኛን ገብስ ሲያጭዱልን ነው። ዲንሾ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ሆኖ ስድስት ዓመት አልረገጥኩም፤ ሀይሚ በምን ታውቃቸው? አንተስ ከሄድክ ወዲህ መቼ ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?

በማግስቱ ሄድኩ። ዶሮዋን የሸጡት ለዓይናቸው መድኃኒት ኖሯል፤ ብሩ ስላልሞላ ሳይገዙ ተመልሰዋል። የዶሮዋን ቀሪ ዋጋ ብዘረጋላቸው አልነካም አሉ።

"ልጅቷን እኮ ለይቻት ነበር" አሉኝ፤ "ግንባሯ ያንቺው ነው። ማንነቴን ብነግራት ለዋጋው ብላ ነው ትለኛለች ብዬ ዝም አልኩ።"

መድኃኒቱን ገዝቼ በሚኒባስ ሾፌር ልኬላቸዋለሁ። ይቀበሉት አይቀበሉት አላውቅም።

ቤት ገብቼ ሀይሚን ልቆጣት ስል በጥያቄ ቀደመችኝ። "እማዬ፣ ሴትዮዋ አዴ ዳቢሴ ባይሆኑ ኖሮ ጎበዝ ነበርኩ?" አለችኝ።

የሺሃረግን ሳምልኝ። ፍቅረየሱስንም ጉንጩን ሳምልኝ፤ ገበያ ለመላክ ግን አትቸኩል። ጎረቤታችን ከማለዲን ሰላም ብሎሃል። ሀይሚ ሰላምታ አልላከችም። ምክሩ የአጎትሽ ነው ብያት የጥያቄዋን መልስ ካንተ እየጠበቀች ነው።

እህትህ እኅተማርያም በየነ
ሮቤ፣ ባሌ
ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.