የታንኳው ደረሰኝ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ለተመራማሪዎች የምንሰጠውን የገንዘብ ድጋፍ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር እንግዛ ወይስ ራሳችን እንሥራ የሚለውን ነገ ለኮሚቴው መናገር አለብኝ። እስከ ዛሬ ጠዋት ለመግዛት ቆርጬ ነበር።

ሻጩ ሶፍትዌሩን ሲያሳየን፣ የድጋፉን ወጪ መዝገብ ለዓመታት በእስክሪብቶ የያዙልን ወይዘሮ ትርንጎ እጃቸውን አወጡ። «ተመራማሪው ጎርጎራ ሐይቁ ላይ ታንኳ ሲከራይ ደረሰኝ ከየት ያመጣል? እኛ በሦስት ምስክር ፊርማ ነው የምንቀበለው።»

«ያለ ደረሰኝ ሲስተሙ አያሳልፍም» አለ ሻጩ።

ይህን አሠራር እኔ የትም ተጽፎ አላየሁም፤ የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ናቸው። ስንወጣ «እንግዲያው ራሳችን እንሥራው፤ እርስዎ ከፕሮግራመሮቹ ጋር ቁጭ ብለው ያስረዷቸዋል» አልኋቸው።

ሳቁ። «ሰኔ ላይ እኮ ጡረታ እወጣለሁ፣ የኔ ልጅ። ደብዳቤውን የፈረምህልኝ አንተ ነህ።»

እውነት ነው፣ ፈርሜያለሁ። ያን ቀን ቀና ብዬ እንኳ አላየኋቸውም።