«አብሽሩ» የሚለውን ቃል ላጎሳቆሉት ኃላፊ

ለክቡር አቶ ክንፈ፣ የጎሽ ውኃና አካባቢው የአምቡላንስ ስምሪት ኃላፊ፣
መካነ ሰላም

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ ይብዛ፤ አምቡላንስ የሚያስጠራ ሕመም ደጅዎን አይርገጥ፤ ከረገጠም ስልኩን የሚያነሳው ሌላ ሰው ይሁንልዎ።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ተማሪ ቃል ሲያበላሽ በቀይ አርም ነበር፤ ለእርስዎ ግን ቀዩ ቀለም ስላልበቃኝ በአደባባይ መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

፩. ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጎረቤቴ ሁዳ ምጥ ጸናባት። ባሏ ፋሩቅ ቢደውልልዎ «አብሽሩ፣ መኪናዋ ልትነሳ ነው» አሉት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢደግም «አብሽሩ፣ ሹፌሩ ቁልፉን ይዞ እየመጣ ነው» አሉት። በሦስተኛው ስልኩን ማንሳቱ ቢከብድዎ በጽሑፍ መልእክት «አብሽሩ» ብቻ ብለው ላኩለት። ጣትዎን ስላደከምንብዎ እናዝናለን።

፪. በቃሬዛ ተሸክመናት ወጣን። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሼህ ጀብሪል ዳገቱ ላይ ከአንዱ ተሸካሚ ትከሻ እንጨቱን ተቀብለው «አብሽሪ ልጄ፣ እናደርስሻለን» አሏት። ክቡርነትዎ፣ በእኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም ይህን የአይዞህ ቃል የሚለው የሰው ጭንቅ ሊካፈል ሲነሳ ነው። እርስዎ ስልክ ሊዘጉ ሲሉ ይሉታል።

፫. ዋናው መንገድ ላይ አምቡላንሷን አገኘናት፤ ምስጋና ይግባዎና! መስተዋቷ ላይ አበባ ታስሮ፣ ጡሩምባዋን እያስጮኸች የሙሽራ አጀብ ትመራ ነበር። ብንጠራትም አልሰማችንምና ሁዳን ይዘን ከመንገድ ወርደን አሳለፍናት። አቧራው እስኪበርድ ፋሩቅ የሚስቱን ፊት በጋቢው ሸፍኖ ቆመ። እኔ ግን በመምህርነት ዘመኔ ከአፌ ወጥቶ የማያውቅ ስድብ ተሳደብሁ። ሼህ ጀብሪልን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ እርስዎን አልጠይቅም።

በዚያው ቃሬዛ ሆስፒታል ስንደርስ አዋላጇ ብርሀንነሽ «ጥቂት ብትቆዩ ሁለቱንም ታጡ ነበር» አለችን። ሁዳ ብዙ ደም ፈስሷት፣ ሴት ልጅ ተገላገለች። ሁለቱም ተርፈዋል።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ፣ ወደፊት መኪና ከሌለ «መኪና የለም» እንዲሉን ብቻ ነው። በመጀመሪያው ስልክ እንዲያ ቢሉን ኖሮ ያን ጊዜውኑ ቃሬዛችንን እናነሳ ነበር።

ሥልጣንዎን የሚያከብር፣ አማርኛዎን ግን ማክበር ያቃተው፣
መምህር ይሄነው ቢተው

በኅዳግ (ደብዳቤውን ቢሮዎ ካደረስሁ በኋላ የጨመርሁት)፦ ጸሐፊዎ ሐረግ ይህን ደብዳቤ ቆማ አንብባ ስትጨርስ ሁለተኛ ቅጂ ጠየቀችኝ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገብታዋለች፤ ሌላውን ማኅተም መትታበት ቢሮዎ በር ላይ ለጥፋዋለች።